ውሮ ደጋ ስትወጣ

ጋምቤላ የሚኖር ደገኛ ክረምት በገባ ቁጥር የማይቀርለት ዕዳ አለበት፦ ወደ ላይ መውጣት። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ዘንድሮም ልትቀሩ ነው?» ትላለች እኅት። «ልጅቷን ሳላያት ልሙት?» ይላሉ አክስት። ከአዲስ አበባ የሚደውለው ወንድም ደግሞ «እዚያው በረሃ ቀለጣችሁ» ይላል፤ እሱ ራሱ ግን አውሮፕላን ከቦሌ ጋምቤላ እየተመላለሰ አንድም ቀን ወርዶ ጠይቆን አያውቅም። ጋምቤላ በረሃ እንዳልሆነች፣ እንዲያውም ክረምት ላይ ከውኃው ብዛት እግር ማሳረፊያ እንደሚጠፋ ብነግረውም አይገባውም። ለአዲስ አበባ ሰው የሚሞቅ አገር ሁሉ በረሃ ነው።

«ወደ ላይ» የምንለው ለወግ አይደለም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ጎሬ 2,000 ሜትር ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታየናለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሰውን ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ውስጥ ከካናቴራ ወደ ጋቢ ያሸጋግረዋል።

የእንግድነትን ሕግ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዳ ሲገባ «አሁን በልተን ነው የመጣነው» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸም ቢሆን። ሦስት ጊዜ እስኪለመን አይቆርስም። ጓዳ አያይም፤ ቢያይም እንዳላየ ይሆናል። የተሰጠው ሁሉ ይጣፍጠዋል። ምሽት ሲሆን «አናስቸግራችሁ» ይላል፤ ባለቤቱም «ምን ችግር አለ» ይላል፤ ሁለቱም እንደሚዋሹ ሁለቱም ያውቃሉ፤ እንዲህ ተዋውሸን፣ ተመራርቀን፣ ተሳስመን እንለያያለን። ይሉኝታ የሚሉት ይህ ነው፤ ዘመድ ሳይቀያየም የሚኖረው በእሱ ነው።

ዘንድሮ ይዘናቸው የወጣን ሁለት እንግዶች ግን ከዚህ ሕግ አንዲቷን አንቀጽ አያውቁም። አንደኛዋ ውሮ ናት፤ ዳልቻ፣ እግሮቿ ነጫጭ፣ ቁመናዋ የባላባት ልጅ። ሁለተኛው ሻምበል ነው፤ ዥንጉርጉር፣ አንድ ጆሮው በጦርነት የተተረተረ፣ የማዕረጉም ምክንያት ይኸው ጆሮ ነው።

«ትታችኋቸው አትሄዱም ነበር?» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። ጋምቤላ ውስጥ ድመት ጌጥ ሳትሆን ሠራተኛ ናት። አይጥ ትጠብቃለች፤ ክረምት ላይ ውኃው ከጉድጓዱ የሚያስወጣውን እባብ ደግሞ ከእኛ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። እኛ ስንሄድ ቤቱ ይዘጋል፤ ጎረቤቶቻችን መምህራን ናቸው፤ እነሱም ክረምት ሲገባ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሠፈሩ በሙሉ ሲነቅል ድመቶቹን ለማን አደራ እንበል? ልጃችን ደግሞ «እነሱ ካልሄዱ እኔም አልሄድም» ብላ አልጋ ሥር ገብታለች። አልጋው ሥር ሦስቱም ነበሩ።

ነገሩን መጀመሪያ ያማከርኳቸው ኒውላንድ ሰፈር የሚኖሩ ኑዌር ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ቦታ ነው የምንተዋወቀው። ድመት ይዤ ደጋ ልወጣ ነው ስላቸው አልሳቁም። እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኑዌር ዝናብ ሲበረታና ወንዙ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታ ይወጣል፤ በጋ ሲሆንና ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ወንዝ ዳር ይሰፍራል። ይህ ኑሮ ነው፤ ዘመናትም አልፈውበታል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ያሳተመው መጽሐፍ እዚህም እዚያም ገጹ ሲገለጥ ከብት ይወጣበታል። የኑዌር ወንድ ከሚወደው በሬ መልክ የሚወጣ ስም አለው፤ የበሬው ክብር የእሱ ክብር ነው።

«ጥሩ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «ውኃ ሲመጣ እንስሳህን ይዘህ ትወጣለህ። እንደኛ ሆንክ ማለት ነው።» ቀጥለው ጠየቁኝ፦ «ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ወተት ይሰጣሉ?»

«አይሰጡም፤ እነሱ ናቸው የሚጠጡት።»

ዝም አሉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ድኻ እንደሚጽናና። በእሳቸው ሥርዓት ከሆነ የእኔ ስም ዳልቻ እግረ ነጭ ሊሆን ነው።

እንስሳ ይዞ በክረምት መጓዝ ለጋምቤላ ከሌላም ወገን አዲስ አይደለም። ደጋው ላይ ክረምት መንገደኛ የሚቆምበት ጊዜ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ ሰው «መስከረም ይጥባ» ይላል። ጋምቤላ ግን በተቃራኒው መንገድ የምትከፈተው ክረምት ሲገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት ጀልባዎች ነጭ ዓባይን፣ ከዚያም ሶባትን ይዘው ባሮ እስኪሞላ ጠብቀው ይገቡ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፣ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሳሉ፤ ባሮ ሲጎድል ወደቡ ይተኛል። ጣቢያው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የራሴ የሆነች ግምት አለችኝ፤ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ቡና የሚጭን ጀልባ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ መርከበኛ ድመት ያሳፍራል። ስለዚህ የሻምበል ቅድመ አያት ከካርቱም በጀልባ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ከካርቱም ወዲያ ደግሞ ግብፅ ናት። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የጥንት ግብፃውያን ቤት ውስጥ ድመት የሞተች እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ቅንድቡን ይላጭ ነበር። ሻምበል አስተያየቱ ላይ የዚያን ዘመን ትዝታ አለበት፤ እኔ ቅንድቤን ባለመላጨቴ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

መኪናችን ዲኤክስ ናት፤ ከባለቤቴ ጋር ከመጋባታችን በፊት የተወለደች። ውሮና ሻምበል በየግላቸው የዘይት ካርቶን ተሰጣቸው፤ ጎኑ በቢላ ተበሳስቷል፣ ላዩ በሲባጎ ታስሯል። ለመጸዳጃ ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ተሰንጥቆ ከባሮ ዳር የተዘገነ አሸዋ ተሞላበት። ለዘመድ የያዝነው እጅ መንሻ ደረቅ ዓሣ ነበር። ከድመት ጋር አንድ ላይ መጫኑ ጅልነት ስለሆነ ፖርቶመጋላው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ታሰረ። ሁለቱም ድመቶች ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ጣራ ጣራውን እያዩ ተጓዙ።

ቦንጋን አለፍን፤ የካፋዋ ሳትሆን የጋምቤላዋ። እስከዚያ መንገዱ ሰላም ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቡሬ መውጣት ሲጀመር ጠመዝማዛው መጣ፣ ጉሙም መጣ፣ የውሮም ሆድ አብሮ መጣ። ድመት ሊያስመልሳት ሲል አስቀድማ ታስታውቃለች፤ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ አንገቷን ዘርግታ ከሆዷ ጥልቅ የሆነ፣ የቧንቧ ውኃ ሊመጣ ሲል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ታወጣለች። ይህን ድምፅ የሰማ ሹፌር መኪና ለማቆም ሦስት ሴኮንድ አለው። ቁልቁለት ዳር፣ ጉም ውስጥ፣ ከኋላ ሲኖትራክ እያለ ሦስት ሴኮንድ አይበቃም።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ካርቶኑን በዱላ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው?»

«ድመት።»

«የምን ድመት?»

«የቤት።»

«ለንግድ ነው?»

«አይደለም፤ ዘመድ ጥየቃ ነው።»

ፈታሹ አሰበበት። «ዘመዷ የት ነው ያለው?» ክፈቱት አለ፤ ከፈትነው። ሻምበል የተተረተረ ጆሮውን ብቅ አድርጎ ሲያፈጥበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሌላ ጠራ። ከኋላችን የቆመው አይሱዙ ሹፌርም ወርዶ መጣ። ሁሉም የየቤቱን አይጥ ታሪክ አወራ፤ አንዱ አይጥ የደመወዙን ብር እንዴት እንደበላችበት በእጁ እየለካ አሳየን። ሲጨርሱ የመኪናውን ወረቀት ሳያዩ አሳለፉን፤ «ከወለደች ግን አንዷን ለእኔ» የሚል አደራ ተጨምሮ።

ጎሬ የደረስነው ነሐሴ 1 ቀን ነው። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፍልሰታ የገባበት ቀን። ጎሬ ታላቅ ከተማ ናት፤ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የተቀመጠባት፣ ራስ እምሩም የተንቀሳቀሱባት ናት። ዝናቧም እንደ ታሪኳ ብዙ ነው። የባለቤቴ አክስት፣ እትዬ የምንላቸው፣ በር ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ነበር። አገላብጠው ሳሙን፤ ልጃችንን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ዓይናቸው ጎኑ በተበሳሳው ካርቶን ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ።

«ምነው ተቸገራችሁ! ለፍስኩ ዶሮ ይዛችሁልኝ መጣችሁ? እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሁለት ናቸው?»

ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ሰማይ አየሁ። ካርቶኑ ውስጥ «ሚያው» ተባለ።

እትዬ ምስጋናቸውን መልሰው መዋጥ አይችሉም፤ አንዴ ወጥቷል። «እሰይ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው፤ «እሰይ፣ ነፍስ ያለው ሁሉ ደግ ነው።»

እራት ቀረበ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። እኛ በሕጉ መሠረት «በልተን ነው የመጣነው» አልን፤ ተለመንን፤ በላን። እትዬ እንግዳ አያዳሉምና ለውሮም በትንሽ ሳሕን እንጀራ በሽሮ ፈትፍተው አስቀመጡላት። ውሮ ባሮ ዳር ያደገች ናት፤ የአኙዋ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉላትን የአምባዛ ጭንቅላት እየመረጠች የኖረች። ሳሕኑን አንድ ጊዜ አሸተተች። እትዬን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያም የቀኝ እጇን አንሥታ በሳሕኑ ዙሪያ ያለውን ወለል ትጭር ጀመር፤ ከግራ ትጭራለች፣ ከቀኝ ትጭራለች፣ በሌለ አፈር ሳሕኑን ታለብሳለች። ድመት ያላችሁ ይህን እንቅስቃሴ ታውቁታላችሁ፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ጀሪካኗ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የምታደርገው ነው።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ እትዬ።

«እ... እያመሰገነች ነው» አለች ባለቤቴ።

እትዬ ግን ሞኝ አይደሉም። «ኧረ ሽሮዬን ቀበረችው!» ብለው ጮኹ። አንድ አፍታ ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ እትዬ ራሳቸው ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ሲያበቁ ወደ እኔ ዞር ብለው «በል እውነቱን ንገረኝ፤ ሽሮው ጨው አንሶታል አይደል?» አሉኝ። አንሶት ነበር። በእትዬ ቤት ይህን የመሰለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም፤ ተጠይቆም ቢሆን «ኧረ ልክ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የእሳቸው ሽሮ ጨው ሲያንሰው ዘመድ ሁሉ ዝም ብሎ ሲበላ ኖሯል።

ችግሩ ሌሊት መጣ። ጾም ነውና ቤት ውስጥ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፤ ልጆች እንኳ የሚጾሙት ጾም ነው። ድመቶቹ በየተራ አለቀሱ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል፤ የእኛዎቹ ደግሞ መመንኮስም አልጀመሩ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ኩባያ ከሥሩ ደብቀው ወጡ። ጎረቤታቸው ሐጂ ላም አላቸው። የሐጂ ባለቤት ወተቱን ቀድተው ከመስጠታቸው በላይ «ድመት ንጹሕ ናት፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ ድመት ይዞ ነበር የሚዞረው፤ ስሙም የወጣለት በዚያ ነው» ብለው ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። እትዬ ይህን ሰምተው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ፣ በር ላይ ከማን ጋር ቢገጣጠሙ ጥሩ ነው? ከንስሐ አባታቸው ጋር።

«ምን ይዘሻል ልጄ?»

ውሸት በፍልሰታ አይቻልም። «ወተት፣ አባ።»

«ወተት።»

«ለድመት ነው፣ አባ።»

«ድመት አለሽ እንዴ?»

«የእንግዳ ድመት ናት። ከጋምቤላ የመጣች።»

አባ ብዙ ኑዛዜ የሰሙ ሰው ናቸው፤ ይህን የመሰለ ግን ገጥሟቸው እንደማያውቅ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «እስቲ ቤቱን ጠበል ልርጨው» ብለው ገቡ። ጠበሉ ሰበብ ነው፤ የመጡት ድመቷን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ውሮ ደግሞ ሰው አትመርጥም፤ ገና አረፍ ከማለታቸው የቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ተኛችና ማንኮራፋት ጀመረች።

የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ዲያቆን ነው። ከጥግ ሆኖ ነገር አነሣ፦ «አባ፣ በነነዌ ጊዜ ንጉሡ ሰውም እንስሳም ይጹም ብሎ አዋጅ አላወጣም? ዮናስ ላይ ተጽፏል።» ልክ ነው፤ ተጽፏል። ሁላችንም አባን አየን። ውሮ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ ነጠላቸውን ያዘች።

«ነነዌ ሦስት ቀን ነው» አሉ አባ። «ፍልሰታ ግማሽ ወር ነው። ደግሞም መንገደኛ ናት።» ይህን ብለው ወተቱን ራሳቸው በሳሕን ቀዱላት። የሰፈሩ ሰው ግን ይህን አላየም፤ ያየው እትዬ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ለብሰው ወደ ሐጂ ቤት ሲመላለሱ ነው። ቡና ላይ «እትዬ ምነው አመማቸው እንዴ?» ተባለ። ይሉኝታ ያቃጥላቸው የነበሩት እትዬ «ኧረ ድመት አለብኝ!» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሰፈር ሰው በሙሉ ድመቷን ሊያይ መጣ፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሸጋገር ልጃችን ውሮን ከጭን ጭን ታዞራለች።

እጅ መንሻውን ረሳሁት። ደረቁ ዓሣ ለፍስክ ተብሎ ማድ ቤት ከጭሱ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እትዬ ድሮ ዘግተውታል፤ በእሳቸው ቤት አይበላም። ሻምበል በዚህ ክርክር ሌላ አቋም አለው። አንድ ሌሊት ማገሩን ወጥቶ፣ ገመዱን በጥሶ፣ ለሦስት ቤተሰብ የታሰበውን ዓሣ ከአጥንት ለየው። እትዬ ጠዋት አጥንቱን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ምክንያቱም በዚያው ጠዋት አልጋቸው ሥር፣ ነጠላ ጫማቸው አጠገብ፣ ጎተራቸውን ዓመቱን ሙሉ ስታራቁት የኖረችው አይጥ በጀርባዋ ተዘርግታ አግኝተዋታል። «ከእናንተ ይሻላል» አሉኝ፤ «ባዶ እጁን አልመጣም።»

ከጎሬ ተነሥተን መቱ ገባን፤ እዚያ ብዙ አልቆየንም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ወዳጄ ውሻ አለው፤ ውሻውና ሻምበል በረንዳ ላይ ተፋጥጠው አደሩ፤ እኔና ወዳጄም መካከላቸው ተቀምጠን ስለ ደሞዝ ስናወራ አነጋን። ሶር ፏፏቴን ለልጃችን አሳየን፤ ድመቶቹ ከመኪና አንወርድም አሉ፤ ውኃ ጋምቤላም አለ። በደሌን፣ ጅማን እያልን ወጣን። ጅማ ያለውን የእኅቴን ቤት ከመጥቀስ ዝምታ ይሻላል፤ አዲስ የተጎዘጎዘ ቄጠማ ነበረ፤ ውሮ ቄጠማውን ከጀሪካኑ አሸዋ አስበልጣ ወደደችው። ይህን ያህል ይበቃል።

አዲስ አበባ ወንድሜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሊፍት የለም፤ የሊፍቱ ቀዳዳ አለ። ሶፋው ላስቲኩ አልተነሣለትም። ምራቴ ድመቶቹን ስታይ ያወጣችው ድምፅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ዓይነት ነው፤ አፏ ግን «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ይሉኝታ በሙሉ ክብሩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ለእኛ ሲባል ሶፋው ላይ አንሶላ፣ በአንሶላው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ሌላ ላስቲክ ተነጠፈ፤ ምራቴ ግን ፈገግታዋ ሳይጎድል «አይ ድመት እወዳለሁ» ትላለች። ሻምበል እወዳለሁ ያለውን ሰው ያምናል፤ ሄዶ ጭኗ ላይ ወጣ።

የወንድሜ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ እዩ፤ አቢሲኒያን የሚባል ድመት አለ፤ በውጭ አገር በብዙ ዶላር ነው የሚሸጠው። ውሮን ብንልካትስ?» ሥዕሉን አየሁት፤ ወርቃማ፣ ጆሮ ትልልቅ፣ አንገቱ የንግሥት። ወንድሜ ዓይኑ በራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሮን አነሣት።

ታሪኩን እኔ አውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ናፒየር ጦር መቅደላን አቃጥሎ ሲመለስ ዘውድ ወሰደ፣ ታቦት ወሰደ፣ የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደ፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ አገር ስለ ድመቶች በታተመ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ከዚያ ጦርነት በኋላ ከአቢሲኒያ የመጣች የተባለች፣ የአንድ መኮንን ሚስት የምታሳድጋት ዙላ የተባለች ድመት ሥዕል ወጣ። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከአቢሲኒያ መጣ በመባሉ ነው። በኋላ ዘረ መሉን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ግን የአቢሲኒያን ድመት ሥር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እንደሚያመለክት ተናገሩ። ዘውዱንና ብራናውን የእኛ ነው መልሱ እያልን ስንጮኽ ኖረናል፤ ስማችንን ይዛ የምትኖረው ድመት ግን የእኛ ሆና አልተገኘችም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ውሮን መልሶ መሬት አስቀመጣት።

ደግነቱ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምራቴ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማታ ሶፋው ላይ የተደራረበውን ሁሉ ገፈፈች። ላስቲኩን፣ ጋቢውን፣ አንሶላውን፣ የፋብሪካውንም ላስቲክ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እየተንሸራተትኩ ተቀመጥኩበት» አለች፤ «ድመት የሚተኛበትን እኔ ለምን አልተኛበትም?» ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሶፋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ኳስ አየ። ጥፍር የነካው አንድ ጥግ አለ፤ ምራቴ ትራስ አስቀምጣበታለች።

ጋምቤላ ስንመለስ ባሮ ሞልቶ ድልድዩ ሥር በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል። ድመቶቹ ካርቶናቸው ሲፈታ ወደ አጥሩ ሮጡ። ስልኩ አሁንም ይጮኻል፤ አነጋገሩ ግን ተለውጧል። እትዬ ከሰላምታ በፊት «ሻምበል ደህና ነው?» ይላሉ፤ አባ በእትዬ በኩል «መንገደኛዋ ደህና ገባች?» ብለው አስጠይቀዋል፤ ምራቴ የድመት ፎቶ ላኩልኝ ትላለች። ስለ እኛ የሚጠይቅ የለም።

የሚቀጥለው ክረምት ላይ ድመት ይዞ ዘመድ ለመጠየቅ የሚያስብ ካለ ከልምድ የምናገረው ጥቂት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስቀድማችሁ አስከትቡ፤ ድመትንም ይይዛል፤ ዘመድ የሚያቅፋትን እንስሳ ሳታስከትቡ ይዛችሁ አትግቡ። ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ምግብ አሳንሱላት፤ የቡሬን ጠመዝማዛ ባዶ ሆድ ይሻለዋል። የለመደችውን አሸዋ ያዙላት። ዓሣ ጣራ ላይ አትሰሩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ድመት» ብላችሁ ጻፉበት፤ አክስት ዶሮ መስሏት እንዳትመርቅ። ከሁሉም በላይ ቀን ቁጠሩ፦ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ድረሱ፣ ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ ውጡ።